ወሰኑ የት ላይ ነው? ከማሳ ዳር እስከ ፀሐይ ግዛት ጠርዝ

በኢትዮጵያ ገጠር በመጀመሪያው ዙር የተሰጡትን የመሬት ይዞታ ደብተሮች ያየ ሰው የማሳው ወሰን እንዴት እንደተጻፈ ያስታውስ ይሆናል። በደብተሩ ላይ ካርታ አልነበረም። የሰፈረው የአዋሳኞች ዝርዝር ነው፦ በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ እገሊት፣ በሰሜን ወንዝ፣ በደቡብ መንገድ። ወሰን ማለት ጎረቤት ማለት ነበር። ነገር ግን ጎረቤት ይሞታል፣ መሬቱም ለልጆች ይከፈላል። መንገድ ይዛወራል፤ ወንዝም ክረምት ሞልቶ ሲጎድል ሌላ ቦይ ይዞ ይገኛል። ያን ጊዜ «ወሰኑ የት ነበር?» የሚለው ጥያቄ ሽማግሌ ያስጠራል፤ ሽማግሌ ካልፈታው ፍርድ ቤት ያደርሳል፤ አንዳንድ ጊዜም ደም ያፋስሳል።

ይህ ጥያቄ የገበሬው ብቻ አይደለም። የሒሳብ ሊቃውንት፣ የጠፈር ተመራማሪዎች፣ የሥነ ምድር ባለሙያዎች፣ የጤና አጥኚዎችና የሕግ ሰዎች እያንዳንዳቸው በየሙያቸው ይጠይቁታል። የሁሉም ልምድ ወደ አንድ ትምህርት ያመራል። ተፈጥሮ ቀጭን መስመር አስምራ የምትሰጠን እጅግ አልፎ አልፎ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የምናገኘው ሰፊ የሽግግር ቀጣና ነው፤ መስመሩን በቀጣናው ላይ የምናሰምረው እኛ ነን። ስለዚህ «ወሰኑ የት ነው?» ከማለታችን በፊት የምን ወሰን እንደሆነ፣ በምን መለኪያ እንደሚለካና ለምን ጉዳይ እንደሚፈለግ መጠየቅ ይኖርብናል። ይህን ጥያቄ መዝለል ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል የራሳችን ታሪክ ምስክር ነው።

ከባሕር ዳርቻ 60 ኪሎ ሜትር

በግንቦት ወር 1908 ዳግማዊ ምኒልክና የኢጣልያ መንግሥት አዲስ አበባ ላይ አንድ ውል ተፈራረሙ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ውሉ በኢትዮጵያና ኢጣልያ በያዘቻት በኤርትራ መካከል፣ በምሥራቅ በኩል በአፋር ምድር የሚያልፈውን ወሰን የሚመለከት ነበር። ወሰኑ ከባሕሩ ዳርቻ 60 ኪሎ ሜትር ወደ ውስጥ ገብቶ፣ ከዳርቻው ጋር ትይዩ እየሆነ፣ ዛሬ ጅቡቲ እስከምትባለው የፈረንሳይ ግዛት ድረስ እንዲዘልቅ ተወሰነ። መስመሩን በምድር ላይ የመትከሉ ሥራ፣ ከመሬቱ አቀማመጥ ጋር እየተስማማ፣ በኋላ እንዲፈጸም ተባለ። ሆኖም ሳይፈጸም ቀረ።

ሐሳቡ በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል። የቀይ ባሕር ዳርቻ ግን እንደ ገመድ የተወጠረ አይደለም። ወደ የብስ የሚገቡ ሰላጤዎች፣ ወደ ባሕር የሚወጡ የመሬት ሹሎች፣ ከዳርቻው ፊት ለፊት የተበተኑ ደሴቶች አሉት። 60ው ኪሎ ሜትር የሚቆጠረው ከሰላጤው ጫፍ ነው ወይስ ከሹሉ? ደሴቶቹስ ከዳርቻው ይቆጠራሉ? ትይዩ ሲባል እያንዳንዱን ኩርባ መከተል ነው ወይስ አጠቃላይ አቅጣጫውን ብቻ?

ከ1998 እስከ 2000 በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል ከተካሄደውና በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕይወት ከቀጠፈው ጦርነት በኋላ የተቋቋመው የድንበር ኮሚሽን፣ በ2002 ሄግ ላይ ውሳኔውን ሲሰጥ ሊመልሳቸው ከተገደዱት ጥያቄዎች አንዱ ይኸው ነበር፦ በ1908ቱ ውል «ባሕር ዳርቻ» ማለት ምን ማለት ነው? በመካከለኛው የወሰን ክፍልም በ1900 የተፈረመው ውል ወንዞችን ወሰን አድርጎ ነበርና፣ በውሉ ላይ በለሳና ሙና ተብለው የተጠሩት ወንዞች በምድር ላይ የትኞቹ እንደሆኑ ተከራካሪዎቹ አልተስማሙም። «በሰሜን ወንዝ» የሚለው የገበሬው ደብተር ችግር በአገሮች ደረጃ ተደገመ ማለት ነው።

ያልተስማሙት መዛግብት

ዳርቻ ሲለካ ለምን እንደሚያስቸግር በጥልቀት ካሳዩት ሰዎች ቀዳሚው እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ሉዊስ ፍራይ ሪቻርድሰን ናቸው። ሪቻርድሰን የኩዌከር እምነት ተከታይና ጦርነትን የሚቃወሙ ሰው ነበሩ። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በፈረንሳይ ግንባር በአምቡላንስ አገልግሎት ቁስለኞችን አመላልሰዋል። የአየር ጠባይን በሒሳብ ለመተንበይ መንገድ ከጠረጉት አንዱ ሲሆኑ፣ ከጦርነቱ በኋላ ሌላ ጥያቄ ያዛቸው፦ ሁለት አገሮች የሚጋሩት ድንበር በረዘመ ቁጥር የመዋጋታቸው ዕድል ይጨምራል?

ይህን ለመመርመር የድንበሮችን ርዝመት ከየአገሩ መዛግብት መሰብሰብ ጀመሩ። ቁጥሮቹ አልገጥም አሉ። ስፔንና ፖርቱጋል የሚጋሩት ድንበር በአንዱ መዝገብ 987 ኪሎ ሜትር፣ በሌላው 1,214 ኪሎ ሜትር ነበር። የቤልጅየምና የሆላንድ ድንበርም በአንዱ 380፣ በሌላው 449 ኪሎ ሜትር ሆኖ ተመዝግቧል። ልዩነቱ ከስሕተት የመጣ አልነበረም። ምክንያቱ የመለኪያው ርዝመት ነበር። በረጅም መለኪያ የለካ ሰው ትናንሽ ኩርባዎችን ዘሎ ያልፋል፤ በአጭር መለኪያ የለካ ሰው ግን ወደ እያንዳንዱ ኩርባ ስለሚገባ ርዝመቱ ይጨምርበታል። የብሪታንያ ደሴት ዳርቻ በ100 ኪሎ ሜትር መለኪያ ሲለካ 2,800 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። መለኪያው ወደ 50 ኪሎ ሜትር ሲያጥር ያው ዳርቻ ወደ 3,400 ኪሎ ሜትር ያድጋል። መለኪያው ባጠረ ቁጥር ርዝመቱ መጨመሩን ይቀጥላል።

ሪቻርድሰን በ1953 ሲያርፉ ይህ ሥራቸው ገና አልታተመም ነበር፤ ለንባብ የበቃው በ1961 ነው። ከስድስት ዓመት በኋላ የሒሳብ ሊቁ ቤኑዋ ማንደልብሮት በዚሁ ላይ ተመርኩዘው «የብሪታንያ ዳርቻ ርዝመት ስንት ነው?» የሚል ጥያቄ ያነሣ ጽሑፍ አወጡ። መልሳቸው በአጭሩ እንዲህ ነው፦ ለእንዲህ ዓይነቱ ጠርዝ አንድ ቁርጥ ያለ ርዝመት የለውም፤ ሊለካ የሚችለው የሸካራነቱ መጠን ነው። ፍጹም ቀጥ ያለ መስመር 1 ቢሰጠው፣ ለስላሳ የሆነው የደቡብ አፍሪካ ዳርቻ 1.02፣ የስፔንና የፖርቱጋል ድንበር 1.14፣ እጅግ የተሸረካከተው የብሪታንያ ምዕራባዊ ዳርቻ 1.25 ያህል ያገኛል። ይህ አስተሳሰብ ቆይቶ ፍራክታል ለተባለው የሒሳብ ዘርፍ መሠረት ሆነ። ለእኛ የሚጠቅመው ትምህርት ደግሞ ግልጽ ነው። ውል የሚጽፍ ሰው በምን መለኪያ እንደሚለካ ካልጻፈ ጠቡንም ለልጆቹ እያወረሰ ነው።

ሰማይ የሚያበቃው የት ላይ ነው?

ከምድር ቀና ብንል ችግሩ አይተወንም። በ1944 የቺካጎ ስምምነት መሠረት እያንዳንዱ አገር ከምድሩ በላይ ባለው የአየር ክልል ላይ ሙሉ ሥልጣን አለው። በ1967 የተፈረመው የጠፈር ውል ደግሞ ጠፈርን ማንም አገር የግሉ ሊያደርገው እንደማይችል ይደነግጋል። በታኅሣሥ 2019 ከቻይና የመጠቀችው የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ሆና የብዙ አገሮችን ሰማይ ያለ ፈቃድ እንድታቋርጥ ያስቻላት ይኸው ነው። አውሮፕላን ግን እንዲህ ማድረግ አይችልም። ታዲያ የአገር ሰማይ አብቅቶ የሁሉ የሆነው ጠፈር የሚጀምረው የት ላይ ነው? የ1967ቱ ውል ይህን አልወሰነም፤ ጉዳዩ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ለአሥርተ ዓመታት ሲያነጋግር ቆይቷል።

ዓለም አቀፉ የአየር ስፖርት ፌዴሬሽን የካርማን መስመር የተባለውን የ100 ኪሎ ሜትር ከፍታ ይጠቀማል። የመስመሩ መነሻ ሐሳብ አየሩ እየሳሳ ሲሄድ አውሮፕላን በክንፉ ለመደገፍ የሚያስፈልገው ፍጥነት ሳተላይት በምሕዋር ለመቆየት ከሚያስፈልጋት ፍጥነት ጋር የሚስተካከልበት ከፍታ አለ የሚል ነው። የአሜሪካ አየር ኃይል ግን ከ50 ማይል፣ ማለትም ከ80 ኪሎ ሜትር ገደማ በላይ የበረረውን ሰው ጠፈርተኛ ይለዋል። በሐምሌ 2021 ሪቻርድ ብራንሰን 86 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከቀናት በኋላ ጄፍ ቤዞስ 107 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ላይ ሲወጡ ይህ ልዩነት ለክርክር በቃ። በአንዱ መስፈርት ሁለቱም ጠፈር ደርሰዋል፤ በሌላው የደረሰው አንዱ ብቻ ነው።

አየሩ ራሱ በሁለቱም ከፍታዎች አያቆምም። 400 ኪሎ ሜትር ላይ የምትዞረው ዓለም አቀፍ የጠፈር ጣቢያ እንኳ በሳሳው አየር ሰበቃ ቀስ በቀስ ስለምትወርድ በየጊዜው ወደ ላይ ትገፋለች። ምድርን የከበበው እጅግ የሳሳ የሃይድሮጅን ደመና ደግሞ ጨረቃን አልፎ እስከ 630,000 ኪሎ ሜትር እንደሚዘልቅ በ2019 የታተመ ጥናት አሳይቷል። ወሰኑን «አየር እስካለ ድረስ» ብንል ኖሮ ጨረቃን የረገጡት ሰዎች ከምድር ከባቢ አየር አልወጡም ነበር ማለት ነው።

ከአንድ ዓመት በኋላ የታወቀው መሻገር

ከዚያም ርቀን እንሂድ። በ1977 የመጠቀችው ቮዬጀር 1 የምትባለው መንኮራኩር ከፀሐይ ግዛት መውጣቷ የሚጠበቅ ነበር። ፀሐይ በየአቅጣጫው የምትረጨው የፀሐይ ነፋስ የሚባል ኃይል የተሸከሙ ቅንጣቶች ጅረት አላት። ይህ ነፋስ ከሩቅ ከዋክብት ከሚመጣው ቁስ ጋር ተጋፍቶ የሚቆምበት ስፍራ የፀሐይ ግዛት ጠርዝ ተብሎ ይወሰዳል። ይሁንና የነፋሱን ቅንጣቶች የሚለካው የቮዬጀር 1 መሣሪያ ከ1980 ጀምሮ ተበላሽቷል።

በነሐሴ 2012 ከፀሐይ የሚመጡት ቅንጣቶች በድንገት ጠፉ፤ ከከዋክብት መካከል የሚመጣው ጨረር ጨመረ። ሳይንቲስቶቹ ግን መግነጢሳዊው መስክ አቅጣጫውን ይቀይራል ብለው ሲጠብቁ አልቀየረምና ተከራከሩ። አንዱ ምልክት «ወጥታለች» ሲል ሌላው «አልወጣችም» አለ። ክርክሩን የፈታው አጋጣሚ ነው። በመጋቢት 2012 ከፀሐይ የተነሣ ፍንዳታ ከዓመት በላይ ተጉዞ ወደ መንኮራኩሯ ሲደርስ በዙሪያዋ ያለውን ፕላዝማ አንቀጠቀጠው። ከንዝረቱ የፕላዝማው ጥግግት ሲሰላ ቀድሞ በፀሐይ ግዛት ውስጥ ከነበረው አርባ እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ። በመስከረም 2013፣ ቮዬጀር 1 ከዓመት በፊት ነሐሴ 25 ቀን 2012፣ ከፀሐይ 18 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ወሰኑን እንደተሻገረች ተነገረ። እኅቷ ቮዬጀር 2 በኅዳር 2018 ስትከተላት የቅንጣት መለኪያዋ ይሠራ ስለነበር መሻገሯ በቀጥታ ታየ።

እዚህ ላይም «ከፀሐይ ሥርዓት ወጣች» ማለት እንደ ትርጓሜው ነው። ወሰኑ የፀሐይ ነፋስ ከሆነ ወጥታለች። ወሰኑ የፀሐይ ስበት ከሆነ ግን፣ በስበቱ ተይዘው በሩቅ የሚዞሩትን የበረዶ አካላት አልፋ ለመውጣት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ዓመታት ይቀሯታል።

በወሰን ውስጥ መኖር

ወደ ምድራችን፣ ወደዚያው አፋር እንመለስ። በትምህርት ቤት ካርታ ላይ የዓለም ቅርፊት ቴክቶኒክ ፕሌት ተብለው በሚጠሩ ግዙፍ ሰሌዳዎች ተከፋፍሎ፣ በመካከላቸው ቀጭን መስመር ተሠምሮ እናያለን። አፋር ላይ ሦስት ሰሌዳዎች ይገናኛሉ፦ የአረቢያ፣ የኑቢያና የሶማሊያ። በምድር ላይ ግን ቀጭን መስመር የለም። የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ በአማካይ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት አለው፤ ስንጥቁ፣ ፍል ውኃው፣ እሳተ ገሞራውና የመሬት መንቀጥቀጡ በዚህ ስፋት ውስጥ ተበትኗል። ወሰኑ አገር የሚያህል ስፋት አለው።

ለብዙ ዘመን ጸጥ ብሎ የቆየው ወሰን ድንገት ሊናገርም ይችላል። በመስከረም 2005 ዳባሁ በተባለው የአፋር አካባቢ ቅልጥ ዐለት ከምድር ውስጥ ተነሥቶ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ባለው ስንጥቅ ውስጥ ገባ። መሬቱ በቀናት ውስጥ በአንዳንድ ስፍራ እስከ 8 ሜትር ተከፈተ። ሰሌዳዎቹ በዓመት የሚራራቁት በሴንቲ ሜትር የሚቆጠር ስለሆነ የመቶዎች ዓመታት ጉዞ በአንድ ሰሞን ተከናወነ ማለት ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የውጭ ተመራማሪዎች ለውጡን በራዳር ሳተላይትና በምድር ላይ በተተከሉ መሣሪያዎች አጥንተውታል። ከ2024 መጨረሻ አንሥቶ በአዋሽ ፈንታሌና በአካባቢው የደረሰው ተደጋጋሚ የመሬት መንቀጥቀጥም በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ከቤታቸው አፈናቅሏል። ከቀጭኑ መስመር ራቅ ብሎ ቤት የሠራ ሰው ራሱን ከአደጋ ያራቀ ሊመስለው ይችላል። ወሰኑ ቀጣና መሆኑን የተረዳ መሐንዲስ ግን የሕንጻውን ብረትና መሠረት በዚያው ልክ ያሰላል።

ወደ ላይ የሚወጣው መስመር

አባቶቻችን አገሩን በርሃ፣ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋና ውርጭ ብለው ከፍለውታል። የከፈሉት በሜትር አልነበረም፤ በሚያበቅለው እህል፣ በብርዱና በበሽታው ነበር። በኋላ የመጡ መጻሕፍት ቁጥር ሰጡት፤ ለምሳሌ ወይና ደጋን ብዙዎቹ ከ1,500 ሜትር ጀምረው አንዳንዶቹ በ2,300፣ ሌሎቹ በ2,500 ሜትር ይዘጉታል። መጻሕፍቱ ባይስማሙ አያስገርምም፤ ማሽላው ለጤፍ፣ ጤፉም ለገብስ ቦታ የሚለቀው ቀስ በቀስ ነው። የሥነ ምኅዳር ሊቃውንት እንዲህ ያለውን መሸጋገሪያ ከሁለቱም ወገን ሕይወት የሚቀላቀልበት ራሱን የቻለ ስፍራ አድርገው ያጠኑታል።

በዚህ ተዳፋት ላይ አንድ ብርቱ ወሰን አለ፤ እርሱም የወባ ነው። በኢትዮጵያ ለረጅም ጊዜ 2,000 ሜትር የወባ ጣሪያ ተደርጎ ተወስዷል። ይህን ጣሪያ የሚሠራው ከፍታው ሳይሆን ቅዝቃዜው ነው፤ አየሩ ሲቀዘቅዝ ተውሳኩ በትንኟ ሰውነት ውስጥ ማደጉን ያቆማል። ከፍታ በ100 ሜትር ሲጨምር ሙቀት ወደ 0.6 ዲግሪ ስለሚቀንስ፣ አየሩ በ1 ዲግሪ ቢሞቅ ያ የሙቀት መስመር ከ150 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል። በ2014 የታተመ፣ የደብረ ዘይትን አካባቢና በኮሎምቢያ የሚገኝ አንድ ተራራማ ክልልን መዛግብት የመረመረ ጥናትም በሞቃታማ ዓመታት ወባ ወደ ከፍተኛ ስፍራዎች እንደምትወጣ አረጋግጧል። 2,000 የሚለውን ቁጥር እንደ ግንብ የቆጠረ የጤና ዕቅድ፣ ወባን የማያውቅና ሰውነቱ ያልለመዳት የደጋ ሕዝብ ያለ አጎበርና ያለ መድኃኒት እንዲያዝ ይተወዋል።

የተፈጥሮና የስምምነት ወሰን

ፈላስፋው ባሪ ስሚዝ በ1990ዎቹ ወሰኖችን በሁለት ከፍለው አቀረቡ። አንደኛው ሰው ባይኖርም የሚኖር ነው፤ እንደ ገደል አፋፍ፣ እንደ ወንዝ ዳር ያለ። ሁለተኛው በሰው ውሳኔ ብቻ የቆመ ነው፤ እንደ ወረዳ ክልል፣ በኬክሮስና በኬንትሮስ እንደተሠመረ ድንበር ያለ። ክፍፍሉ ጠቃሚ ነው። እስካሁን ያየናቸው ምሳሌዎች ግን ሁለቱ በየቦታው እንደሚጣመሩ ያሳያሉ። ባሕሩና የብሱ በተፈጥሮ ይለያያሉ፤ «ከባሕር ዳርቻ 60 ኪሎ ሜትር» የሚለው ግን ሰዎች ካልተስማሙ አይቆምም። ቅዝቃዜው ተፈጥሮ ነው፤ 2,000 የሚለው ቁጥር የእኛ ነው።

የስምምነት ወሰን ሰው ሠራሽ ስለሆነ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ያለ እርሱ ግብርም፣ ምርጫም፣ ርስትም አይኖርም። ግን በመስማማት የሚኖር ነውና መስማማት ሲጎድል ትክክለኛነት ብቻውን አያድነውም። የድንበር ኮሚሽኑ ዐምዶቹ በምድር ላይ ሊተከሉ ባለመቻላቸው በኅዳር 2007 የወሰን ነጥቦቹን በኬክሮስና በኬንትሮስ ቁጥር ዘርዝሮ ሥራውን ደመደመ። ቁጥሮቹ ከማንኛውም የቀድሞ ውል ይልቅ ጥንቁቅ ነበሩ። በሁለቱ አገሮች መካከል የነበረው ፍጥጫ ግን ከዚያም በኋላ ለዓመታት ቀጠለ።

ዛሬ የገበሬው ደብተር እየተለወጠ ነው። በሁለተኛው ዙር የሚሰጠው የይዞታ ማረጋገጫ ከሰማይ በተነሣ ምስል ወይም በጂፒኤስ የተለካ የማሳ ካርታ አለው። ይሁን እንጂ ለኪው ሥራውን ሲጀምር መጀመሪያ የሚፈልገው ባለይዞታውንና አዋሳኞቹን ነው። በማሳው ዳር አብረው እየሄዱ «እስከዚህ የእኔ፣ ከዚህ ወዲያ የእርሱ» ይላሉ፤ ሁሉም ሲስማሙ መስመሩ ይመዘገባል። ውጤቱም ሕዝብ አይቶት ቅሬታ ያለው እንዲያቀርብ በአደባባይ ይለጠፋል። ሳተላይቱ መስመሩ የት እንዳለ በትክክል ሊመዘግብ ይችላል። መስመሩ ወሰን የሚሆነው ግን በግራና በቀኝ የቆሙት ሁለቱ ጎረቤቶች ሲቀበሉት ነው።